ቅጠላቸው ከመጋጠሚያው እየጠቆረ ይረግፋል፦ ጥቃቅን የደመና ደን ኦርኪዶች በመስታወት ሳጥን ውስጥ

ጉም ለባሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጥቃቅኖቹ የደመና ደን ኦርኪዶች ነው የምጠይቀው። ለመመለስ እንዳትቸገሩ ያለውን ሁሉ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

ሳጥኑ በፊት በኩል የሚከፈት መስታወት ነው፤ 45 በ45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር። ክዳኑም ድፍን መስታወት ነው። ወለሉ ላይ 5 ሴንቲሜትር የተጋገረ የሸክላ ጠጠር፣ በላዩ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ሞስ (እርጥበት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚያድግ ለስላሳ ተክል) አለ። መብራቱ 30 ዋት ነጭ ኤልኢዲ ሲሆን ክዳኑ ላይ ተጋድሞ በቀን 14 ሰዓት ይበራል። የጭጋግ ፓምፑ በቀን 6 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ1 ደቂቃ ይረጫል። ውሃው የቧንቧ ነው፤ ቲዲኤስ ሜትር (በውሃ የሟሟ ጨው መለኪያ) 240 ፒፒኤም፣ ማለትም በሊትር 240 ሚሊግራም ያህል ያሳያል። ሳጥኑ ውስጥ ቀን 26፣ ሌሊት 23 ዲግሪ ነው፤ ክፍሉ ሌሊት 21 ይደርሳል። የእርጥበት መለኪያው ከ99 ከመቶ ወርዶ አያውቅም።

የተተከሉት፦ ሌፓንተስ ካሎዲክትዮን፣ ሌፓንተስ ቴሊፖጎኒፍሎራ፣ ፕላቲስቴሌ ስቴኖስታኪያ፣ አንድ ሬስትሬፒያ፣ አንዲት ማስዴቫሊያ፣ አንዲት ድራኩላ። ሁሉም በስፋግነም ሞስ ቡሽ ላይ የታሰሩ ናቸው።

የሌፓንተሶቹ ቅጠል ገና አረንጓዴ እንደሆነ ከአገዳው ጋር ከሚገናኝበት መጋጠሚያ ይጠቁርና ሲነኩት ይወድቃል። የማስዴቫሊያዋ ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆኗል። ድራኩላዋ እምቡጥ ታወጣለች፤ ሳይፈነዳ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ሞሱም ላይ ላዩን እየጠቆረ ነው።

ጭጋጉን ልጨምር? ውሃውስ ችግር አለው? ሌሊቱን ለማቀዝቀዝ የበረዶ ጠርሙስ ማስገባት ይበቃል? ቅጠል ያለቀባቸውን አገዳዎችስ ልቁረጣቸው?

የቡሽ ቅርፊት

ጭጋጉን አይጨምሩ፤ እንዲያውም ከግማሽ በታች ያውርዱት። ሳጥኑ ታፍኗል።

ምልክቶቹን ለያይተን እንያቸው። ቅጠል ከጫፉ ቡናማ ከሆነ ጨው ነው። ተሸብሽቦ ከሳሳ ጥማት ነው፣ ወይም ሥሩ ሞቶ መጠጣት አቅቶታል። አረንጓዴ እንደሆነ ከመጋጠሚያው ጠቁሮ ከወደቀ ግን መበስበስ ነው። የሌፓንተስን አገዳ በማጉያ መነጽር ቢያዩት ከታች እስከ ላይ አፋቸውን እንደ መለከት በከፈቱ ጥቃቅን ሽፋኖች ተለብጧል። ጠብታ እዚያ ውስጥ ከገባ በራሱ አይወጣም፤ የሚያወጣው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። አየሩ በቆመበት ሳጥን ውስጥ ውሎ ያድራል፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራቡበታል፣ መጋጠሚያው ይጠቁራል።

ብዙዎቹ የዚህ ወገን ኦርኪዶች በአንዲስና በመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላሉ። እዚያ ጉም ብቻ አይደለም ያለው፤ ጉሙን ወደ ተራራው የሚገፋው ነፋስም አለ። ቅጠሉ ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ መልሶ ይረጥባል። ሥሩ ግን ከሞሱ ጋር እንደረጠበ ይቆያል። ሳጥን ውስጥ መምሰል ያለብን ይህንን ነው። «እርጥበት ወዳድ ናቸው» የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ተቆርጦ ስለሚነገር ስንቱን ተክል በማሰሮ ውስጥ አፍኖ ገድሏል።

መጀመሪያ ለአየሩ መግቢያና መውጫ ይስጡት። አንድ ቀዳዳ አይበቃም፤ አንዱ ከታች ሌላው ከላይ መሆን አለበት። ከታች፣ ከበሩ ሥር፣ በሳጥኑ ሙሉ ስፋት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ክፍተት። ከላይ፣ ከክዳኑ በስተኋላ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን ክፍተት። ሁለቱንም በማይዝግ የብረት ወንፊት ይሸፍኗቸው፤ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር ካልበለጠ ጥቃቅን ዝንቦችንም ያግዳል። ክዳኑን መብሳት አያስፈልግም። መስታወት ቆራጭ በ5 ሴንቲሜትር ያሳጥርልዎት፤ በጎደለው ቦታ ወንፊቱን በሲሊኮን ይለጥፉ። የላይኛውን ክፍተት በቁራጭ መስታወት እያንሸራተቱ ማጥበብና ማስፋት ይችላሉ። መብራቱ ሲበራ የሞቀው አየር ከላይ ይወጣል፣ ከታች አዲስ ይገባል፤ ከበሩ ሥር የሚገባው አየር የፊቱን መስታወት ስለሚልሰው ላቡም ይጠፋል።

ቀጥሎ ማራገቢያ። ባለ80 ሚሊሜትር የኮምፒውተር ማራገቢያ፣ 12 ቮልት የሚለውን፣ በ5 ወይም በ6 ቮልት ያሂዱት። አንዳንዱ በ5 ቮልት አይነሳም፤ 7 ይሞክሩለት። አቅጣጫው ወደ ተክሎቹ ሳይሆን ወደ መስታወቱ ግድግዳ ይሁን፤ አየሩ ግድግዳውን ታኮ ዞሮ ይመጣል። ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከሳጥኑ መሃል በክር አንድ ጠባብ የሶፍት ቁራጭ ያንጠልጥሉ። ሳይቆም በዝግታ ከተወዛወዘ ልክ ነው፤ ከተንጋደደ በዝቷል። ዓይነቱ ውሃ የማይገባው ከሆነ ዓመታት ይቆያል። ተራው ግን ሰሌዳው ዝጎ በወራት ሊቆም ስለሚችል ጠዋት ጠዋት መዞሩን ይመልከቱ። አዳፕተሩ ውጭ ይሁን፤ ሽቦው ወደ መሰኪያው ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፣ ውሃ ቢወርድበት ከመታጠፊያው ላይ እንዲንጠባጠብ።

ጭጋጉን ከዚያ በኋላ በቀን 3 ጊዜ ያድርጉት፦ መብራት እንደበራ 40 ሰከንድ፣ እኩለ ቀን ላይ 30 ሰከንድ፣ የመጨረሻው 20 ሰከንድ መብራት ከመጥፋቱ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድሞ። ይህ መነሻ ነው፤ ኖዝል (የመርጫው አፍ) ከኖዝል ይለያያል። ዳኛው ቅጠሉ ነው። ከተረጨ በኋላ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቅጠሉ መድረቅ፣ የሥሩ ሞስ ግን ሲነካ መርጠብ አለበት። ቅጠሉ ከ2 ሰዓት በኋላም ከረጠበ ክፍተቱን ያስፉ ወይም ማራገቢያውን ያፍጥኑ። ሞሱ እስከሚቀጥለው ርጭት ከደረቀ ደግሞ ማራገቢያውን ሳይነኩ የርጭቱን ጊዜ ያርዝሙ።

የመጨረሻው ርጭት ለምን ይቅደም? በ22 ዲግሪ 80 ከመቶ እርጥበት የያዘ አየር ወደ 18 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አይደርቅም። ሌሊቱን ማቀዝቀዝ ስለፈለጉ በጨለማ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ እንደረጠበ ያድራል።

በነገራችን ላይ ያን 99 አትመኑት። ርካሽ መለኪያዎች ጠብታ ከነካቸው እዚያው ተጣብቀው ይቀራሉ። አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው በጥቂት ጠብታ ውሃ አርጥበው (ሟሙቶ እንዳያልቅ) በቆርኪ ላይ ያድርጉና ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ማሰሮ ውስጥ ይዝጉት። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲቆይ 75 ከመቶ ማሳየት አለበት። 82 ካለ 7 እየቀነሱ ያንብቡ፤ 99 ላይ ከቀረ ይጣሉት።

ጠብታ

የቡሽ ቅርፊት ስለ አየሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ውሃውን ሳይቀይሩ ማራገቢያ ከገጠሙ ሌላ ጉድ ይከተላል። የታፈነ ሳጥን ውስጥ ውሃው ስለማይተን ጨዉ እንደቀጠነ ይቆያል። አየር ሲገባ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን ሞሱ ላይ ይቀራል። በሊትር 240 ሚሊግራም ከያዘው ውሃ በቀን 200 ሚሊሊትር ሞሱ ላይ ቢተን 48 ሚሊግራም ነው፤ በ30 ቀን ከ1.4 ግራም በላይ ደረቅ ጨው። ጥፍር በማታህል ተክል ሥር! የማስዴቫሊያዋ ቡናማ ጫፍ የዚህ መጀመሪያ ነው። የስፋግነሙ መጥቆርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ስፋግነም አሲዳማ ረግረግ የለመደ ስለሆነ ኖራ ያለበት ውሃ ይገድለዋል። እሱ አረንጓዴ ሆኖ ካደገ ውሃዎ ደህና ነው። ከሜትሩ ይልቅ እሱን ነው የማምነው።

የሚያስፈልገው ከ30 ፒፒኤም በታች የሆነ ውሃ ነው፦ ንጹሕ የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ። ቧንቧውን ማፍላት መፍትሔ አይደለም፤ ጥቂት ኖራ ቢያስቀምጥም የቀረው ጨው እንዲያውም ይወፍራል። ውሃ የሚያለሰልሱት ማጣሪያዎች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ካልሲየሙን አውጥተው ሶዲየም ይተኩበታል።

አሁን ያለውን ጨው ለማጠብ እያንዳንዱን ቡሽ በንጹሕ ውሃ 10 ደቂቃ ይንከሩ፣ አውጥተው ያንጠፍጥፉ፣ በአዲስ ውሃ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ለእያንዳንዱ ተክል የተለየ ዕቃ ይጠቀሙ፤ በአንድ ሳህን ሁሉንም መንከር የአንዱን በሽታ ለሁሉ ማካፈል ነው። ጠቁሮ የላላውን ሞስ በወረንጦ ለቅመው በአዲስ ይተኩ፤ ሥር የያዘውን ግን አይጎትቱ። የፓምፑን ኖዝሎች ፈተው ሌሊቱን ኮምጣጤ ውስጥ ያሳድሯቸው፤ ኖራ የያዘው ኖዝል ጭጋግ መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል፣ የሚንጠባጠበውም ሁልጊዜ አንድ ቅጠል ላይ ነው።

ማዳበሪያ፦ ናይትሮጅኑ 20 ከመቶ ከሆነው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 0.1 ግራም። ይህ በሊትር 20 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ለነዚህ ይበቃል። በየ2 ሳምንቱ በእጅ መርጫ ሥሩ ላይ ብቻ። 0.1 ግራም በቤት ሚዛን ስለማይለካ 10 ግራሙን በ1 ሊትር በጥብጠው ያስቀምጡና ከዚያ 10 ሚሊሊትር በ1 ሊትር ያቅጥኑ። ንጹሕ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሌለው ሁለቱን የያዘ ማዳበሪያ ይምረጡ። በፓምፑ ታንክ ውስጥ ግን በፍጹም አይጨምሩት፤ ቱቦው በአልጌና በለጋጋ ይሞላል። አዲስ ሥር ላላወጣ ተክልም አይስጡ።

በአንድ ነገር ከላይኛው መላሽ እለያለሁ። ቅጠሉ በ90 ደቂቃ መድረቁ ለማስዴቫሊያና ለሬስትሬፒያ ተገቢ ነው። ቀጭን የሞስ ንጣፍ ላይ ላሉት ፕላቲስቴሌና ቴሊፖጎኒፍሎራ ግን ሞሱ ከቅጠሉ ቀድሞ ሊደርቅ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ውሃ የሚያጠራቅም ያበጠ አገዳ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ሌሎች ኦርኪዶች ያላቸው ጎተራ እነሱ ዘንድ የለም። ስለዚህ ሁለቱን ከወለሉ አጠገብ፣ ከማራገቢያው ራቅ አድርገው ይስቀሏቸው። ሬስትሬፒያን ወደ ላይ።

ሌሊት14

ወንድሜ ጉም ለባሽ፣ የበረዶውን ጥያቄ በሒሳብ ልመልስልህ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው በግምት ነው የሚሠራው።

የሳጥንህ ስድስቱም ገጽታ ተደምሮ 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ነጠላ መስታወት በ1 ካሬ ሜትር፣ በ1 ዲግሪ ልዩነት ወደ 5.5 ዋት ያሳልፋል። ክፍሉ 21፣ ሳጥኑ 15 እንዲሆን ከፈለግህ ልዩነቱ 6 ዲግሪ ነው፤ ከክፍሉ ወደ ሳጥኑ ያለማቋረጥ 49 ዋት ይገባል። ከፍሪዘር የወጣ 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውሃው 15 ዲግሪ እስኪሆን የሚወስደው ሙቀት ወደ 430 ኪሎጁል ነው። በ49 ዋት ሲካፈል ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ለ8 ሰዓት ሌሊት ከ3 ኪሎ በላይ ትፈልጋለህ፤ ሳጥኑን ከ23 ወደ 15 ለማውረድ የሚሄደውን ሳንቆጥር። አንዲት ግማሽ ሊትር ጠርሙስ የምትሠራው ሥራ የለም።

ዘዴው በረዶውን መጨመር ሳይሆን መስታወቱን ማልበስ ነው። ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ወለሉንና ክዳኑን በ3 ሴንቲሜትር የፎም ሰሌዳ ብትሸፍን የሚገባው ወደ 16 ዋት ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ፊቱንም በተነቃይ ሰሌዳ ብትጋርደው 9 ዋት አካባቢ ይሆናል፤ በጨለማ ማን ያየዋል? ያኔ 1 ኪሎ ተኩል በረዶ ሌሊቱን ያደርሳል። የክዳኑ ፎም ቀን እንደሚነሳ አትርሳ።

በረዶውን የት እንደምታስቀምጥ ለውጥ ያመጣል። ከላይ ይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር ይወርዳልና። ከሥሩ ዘንበል ያለ ሳህን አድርግለት፤ ጠርሙሱ ላይ የሚያልበው ውሃ ቀጥታ ተክል ላይ ካረፈ ሌፓንተስህን መልሰህ ታበሰብሳለህ። ሌላው፣ ሳጥኑ ከክፍሉ ሲቀዘቅዝ የአየሩ ጉዞ ይገለበጣል፦ ቀዝቃዛው አየር ባዘጋጀኸው የታችኛው ክፍተት እንደ ውሃ ፈስሶ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊት የታችኛውን ክፍተት ጋርደው። ማራገቢያው ግን ሌሊቱንም ይዙር፤ 1 ዋት የማትሞላ ሙቀት ናት፤ ያለሷ ቅዝቃዜው ወለሉ ላይ ተኝቶ ያድራል።

የቀዘቀዘ ውሃ መርጨት የሚለውን ምክር ካነበብክ እርሳው። 200 ሚሊሊትር ባለ5 ዲግሪ ውሃ 21 እስኪደርስ የሚወስደው 13 ኪሎጁል ተኩል ያህል ነው፤ ባልተሸፈነ ሳጥንህ ውስጥ 5 ደቂቃ እንኳ አይቆይም።

ከማቀዝቀዝህ በፊት ግን ማሞቅህን አቁም። 30 ዋት በ14 ሰዓት 1.5 ሜጋጁል ነው፤ መብራቱም መስታወቱ ላይ ተኝቷል። 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው፣ በመሃሉ አየር ይለፍ፣ ሰዓቱን ወደ 12 አውርደው። ይህ ብቻውን ቀኑን በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ሊቀንስልህ ይችላል። ሳጥኑን ከመደርደሪያ ወደ ወለል ማውረድም ዋጋ የማይጠይቅ ማቀዝቀዣ ነው።

ውጭው ሌሊት ከ15 በታች የሚወርድ ከሆነ በረዶም አያስፈልግህም። ከመስኮት በቱቦ የውጭ አየር የሚያስገባ 12 ቮልት ማራገቢያ ግጠም፤ ቴርሞስታቱ ሳጥኑ ከ16 ሲያልፍ ያስነሳው፣ 14 ሲደርስ ያቁመው። የሚገባው አየር ባለ12 ዲግሪ 80 ከመቶ ቢሆን 16 ሲደርስ 62 ከመቶ ያህል ይሆናል፤ አትደንግጥ፣ ከረጠበው ሞስ ይሞላል። ፔልቲየር የሚባሉትን ትንንሽ ማቀዝቀዣዎች አልመክርም፤ የሚበሉት ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያወጡት ሙቀት ይበልጣል፣ የጀርባቸው ሙቀትም ተመልሶ ክፍሉን ያሞቃል። ገንዘብ ካለህ የዓሣ ገንዳ ውሃ ማቀዝቀዣ ገዝተህ ቀዝቃዛውን ውሃ በማይዝግ ጥቅል ቱቦ በሳጥኑ አናት ብታዞረው ይሻላል።

የድራኩላዋ እምቡጥ መድረቅ የሙቀቱ ነው። ሌሊት 23 ላይ እንድታብብ አትጠብቅ።

ጉም ለባሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መለኪያው በጨው ፈተና 91 አሳየ፤ 16 ነጥብ ይዋሻል ማለት ነው። የተጣራ ውሃ ላይ ነኝ፣ መብራቱም ከፍ ብሏል። ሦስት ነገር ቀረኝ። ቅጠል አልባዎቹ አገዳዎች አረንጓዴ ናቸው፤ ተስፋ አላቸው? ድራኩላዋ እዚህ መሆኗ ራሱ ስህተት ይሆን? ደግሞ ዛሬ በባትሪ ስመለከት ፕላቲስቴሌው ላይ የሩዝ ፍሬ የማታህል ቀንድ አውጣ አየሁ።

ወረንጦ

አረንጓዴ አገዳ አይቆረጥም። ሌፓንተስ ሲጨነቅ ቅጠሉን ይጥላል፤ ሥሩና መሬት ለመሬት የሚሄደው ግንዱ ደህና ከሆኑ ከእግሩ አዲስ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ጠቁሮ የለሰለሰውን ብቻ በእሳት በተለበለበ ምላጭ እስከ ጤነኛው ይቁረጡ፤ ለሚቀጥለው ተክል ምላጩን እንደገና ይለብልቡ። የቀረውን ከነቡሹ ጥላ በበዛበት የሳጥኑ ጥግ ያስቀምጡ፣ ማዳበሪያ አይስጡ፣ ወራትም ቢሆን ይጠብቁ። የሬስትሬፒያው ቅጠል ግን ቢወድቅም አይጣል፤ ከነአገዳው እርጥብ ሞስ ላይ ቢያስተኙት ከመጋጠሚያው ልጅ ያወጣል።

የአበባ ዘንጉንም ከደረቀ በቀር አይንኩት። ሌፓንተስ ከአንዱ ዘንግ ላይ አበባ አከታትሎ ለረጅም ጊዜ ያወጣል፤ አንዱ ረገፈ ብሎ የሚቆርጥ ሰው ቀጣዮቹን ቆረጠ። በብዙ ዓይነቶች አበባው ከቅጠሉ ሥር ስለሚደበቅ ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ።

አሁን ከቡሹ ጋር እንደገና ስለሚያስሩ፦ ባለ6 በ10 ሴንቲሜትር ቡሽ ላይ 1 ሴንቲሜትር የሚወፍር እርጥብ ስፋግነም ያንጥፉ፣ ሥሩን ዘርግተው ያስተኙ፣ ሥሩን ብቻ በስስ ሞስ ይሸፍኑ። አገዳዎቹ የሚነሱበት እግሩ ከሞሱ በላይ ይታይ። የተቀበረ እግር ማራገቢያ ቢኖርም ይበሰብሳል። በ0.2 ሚሊሜትር የዓሣ ማጥመጃ ክር 3 ወይም 4 ዙር ይሰሩት፤ ሲነቀነቅ የማይወዛወዝ፣ ሥሩንም የማይቆርጥ ይሁን። የሚወዛወዝ ተክል ሥሩ ቡሹን አይይዝም፤ አዲሱ የሥር ጫፍ በተነካ ቁጥር ይሰበራል። ሞሱ ሲያድግ ፕላቲስቴሌን ይውጠዋል፤ በየ2 ወሩ በመቀስ ይከርክሙት።

ድራኩላዋን በተመለከተ፣ አዎ። ቅጠሏ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል። የአበባ ዘንጓ ደግሞ በአብዛኞቹ ዓይነቶች ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ቡሽ ላይ ስትታሰር ዘንጉ ሞሱና ቡሹ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ቦታዋ ወንፊትማ ቅርጫት ነው፣ ከ60 ሴንቲሜትር ሳጥን ውጭ። ማስዴቫሊያዋ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ትቆይ፤ ካልቀዘቀዘ ለሚያቀዝቅዝ ሰው ይስጧት። ካሎዲክትዮንና ቴሊፖጎኒፍሎራ ከዝቅተኛው ከፍታ የመጡ ስለሆኑ ሌሊት 18 ላይም ይኖራሉ፤ ስቴኖስታኪያም ታጋሽ ነው። ሙቀቱን ማውረድ ካቃተ በቀረው ቦታ ስፔክሊኒያ ግሮቢይ ወይም ስፔክሊኒያ ትሪቡሎይደስ ይትከሉ። ሲገዙ በችግኝ ጣቢያ የተባዛ መሆኑን ይጠይቁ። ኦርኪዶች በሙሉ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው) ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ከዚያም ሌላ ከዱር የተነቀለ ተክል ሥሩ ተቆራርጦ ነው የሚደርስ፣ ሳጥን ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ቀንድ አውጣዋ ብቻዋን አይደለችም። የሚበሉት ለስላሳውን የሥር ጫፍና እምቡጡን ነው፤ ቅጠሉ ደህና ስለሚመስል ጉዳቱ ዘግይቶ ይታያል። መብራት ከጠፋ ከ2 ሰዓት በኋላ በባትሪ እያዩ በወረንጦ ይልቀሙ። አንድ የሰላጣ ቅጠል ሞሱ ላይ ጥለው ሲነጋ ከነሰፈሩበት ያውጡት። ይህን ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ያለማቋረጥ፣ ምክንያቱም እንቁላሎቹ ሞሱ ውስጥ ይፈለፈላሉ። አይረን ፎስፌት (ቀንድ አውጣ የሚገድል የብረት ውህድ) ያለበትን ማጥመጃ ከተጠቀሙ 2 ፍሬ በጠርሙስ ቆርኪ ላይ ያድርጉት፤ ሞሱ ላይ ከጣሉት በዚህ እርጥበት በሁለት ቀን ይሻግትና ሻጋታውን ለሞሱ ያስተላልፋል። ሲሻግት ይቀይሩት። ከእንግዲህ አዲስ ተክል ሲመጣ ለ4 ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቆይ።

ሞሱ ላይ የሚዘሉ ነጫጭ ጥቃቅን ነፍሳት ካዩ ግን ይተዋቸው፤ የበሰበሰውንና ሻጋታውን ነው የሚበሉት። ጥቁሯ የሞስ ዝንብም ጥቂት ከሆነች አትጎዳም። እንዲያውም ኮስታሪካ ውስጥ ተደርጎ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የአንድ ሌፓንተስ አበባ ሴት ዝንብ መስሎ ወንዱን የዚህ ወገን ዝንብ እንደሚያታልልና በዚያው እንደሚዳቀል ታይቷል። ስትበዛ ግን የበሰበሰ ሞስ አለ ማለት ነው፤ እሱን ፈልገው ያውጡ።

የቡሽ ቅርፊት

16 ነጥብ ከዋሸ ያ 99 በእውነቱ 83 አካባቢ ነበር ለማለት አይቸኩሉ። ከ99 በላይ ስለማያሳይ እዚያ ላይ ሲቆም እውነተኛው ከ83 እስከ 100 የትኛውም ሊሆን ይችላል። አዲስ መለኪያ ሲገዙ አነፍናፊው በሽቦ የሚወጣውን ይምረጡ፤ ከርጭቱ ተከልሎ ከማራገቢያው ነፋስ መንገድ ላይ ይንጠልጠል።

ለጠብታም ልመልስ፦ ሁለቱን ወደ ታች ማውረዱ ትክክል ነው። ግን የታችኛው ክፍተት ደረቅ አየር የሚያስገባው ከፊት ስለሆነ ከወለሉ አጠገብ ሲባል ከኋላው ግድግዳ በኩል ይሁን። ብርሃኑም እዚያ ይቀንሳል፤ በሉክስ መለኪያ ቅጠሉ አጠገብ ከ4000 በታች ከሆነ ቡሹን በ10 ሴንቲሜትር ያንሱት። ከ8000 በላይ ሲሆን ደግሞ የማስዴቫሊያና የሬስትሬፒያ ቅጠል መቅላት ይጀምራል፤ ያኔ መብራቱን ሌላ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ያድርጉት።

ሌሊት14

አንድ የረሳሁት፦ ፎሙን ስትለጥፍ ከመስታወቱ ጋር ክፍተት አይኑረው። በመሃል የክፍሉ አየር ከገባ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ያልበውና ሻጋታ ያበቅላል። ዙሪያውን በፕላስተር ዝጋው፤ የጎኑን ሰሌዳ በየወሩ አንስተህ አድርቀው።